ጭጋጉ ይነሣ

ያለ ስብሰባ የተሠራ ታላቅ ሥራ እስካሁን ሰምተን አናውቅም። እሳትን ያገኘው ሰው እንኳ መጀመሪያ ኮሚቴ ሳያቋቁም አይቀርም፤ ምናልባት እሳቱ የተገኘው ኮሚቴው ለምሳ በወጣበት ሰዓት ይሆናል እንጂ። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው ጽሕፈት ቤት ዘወትር መሰብሰቡ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሙሉ ስሙ «የኤሌክትሮኒክ ጌም ውድድርን በተራ ተመልካች ዘንድ የማስወደድ፣ የማስለመድና የማስናፈቅ ጽሕፈት ቤት» ይባላል። በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አንብበው እስኪጨርሱ የሥራ ሰዓት ስለሚያልቅ፣ ውስጥ ገብቶ የተጉላላ ባለጉዳይ የለም።

ጽሕፈት ቤቱን የሚመራው ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። የተሾመው «ለጊዜው» ተብሎ ነበር። ያ ጊዜ ግን የሰውየውን ፀጉር አሳስቶ፣ ቦርጩን አውጥቶ፣ ልጆቹን ለዩኒቨርሲቲ አድርሶ አሁንም አላለቀም። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ስታንገበግበው ትኖራለች። ሰርግ ላይ አስተዋዋቂው ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ተጠባባቂ…» ሲል የጎረሰው ሁሉ አልወርድ ይለዋል። ከሁሉ የባሰችው ግን የሚስቱ እናት ጥያቄ ናት። «ልጄ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጥከው አንተ፤ ታዲያ የምትጠብቀው ማንን ነው?» ብለው በዘመድ አዝማድ ፊት ጠይቀውታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የበላይ አለቃው አስጠሩት። እኚህ ሰው ሲናገሩ ጠረጴዛ የመምታት ልማድ ስላላቸው ጠረጴዛቸው ላይ የሚሰበር ነገር አይቀመጥም።

«አዳራሹ ባዶ ነው!» ጧ!

«ተመልካች አለ ክቡርነትዎ። ባለፈው ውድድር…»

«ባለፈው ውድድር ከተጫዋቾቹ ጓደኞች ሌላ ማን ገባ?»

«አንድ ፖስተኛ።»

«ወደደው?»

«ተኝቶ ስለነበር አስተያየቱን አልወሰድንም።»

አለቃው እጃቸውን ዘርግተው ጣሪያውን አዩ። «ስማኝ። እግር ኳስ ማንም ያያል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተሰዳደቡ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። ይሄን ጌም ግን ከሚጫወቱት ልጆች በቀር የሚያየው ሰው ጠፋ! በሚቀጥለው ውድድር አዳራሹን በተራ ሰው ሙላልኝ። ከሞላኸው ያቺን ‹ተጠባባቂ› የምትል ቃል ከሰሌዳህ ላይ በገዛ እጄ እፍቃታለሁ። ካልሞላኸው አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ይሆናል፤ አንተም የሲሚንቶው ተጠባባቂ።» ጧ!

ተጠባባቂ ኃላፊው ከዚያ ክፍል ወጥቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። የተፋቀ ሰሌዳ በዓይኑ ዞረ። አማቱ በዘመድ ፊት አፋቸውን ሲይዙ ታየው፤ እሰይ!

በዚያው ሳምንት አማካሪ ተቀጠረ። አማካሪው ቀይ ብርሃን የምትረጭ ብዕር ይዞ የሚዞር ሰው ነው፤ የሚያሳየው ነገር ባይኖርም ግድግዳው ላይ ብርሃኗን ሳያሽከረክር አይናገርም።

«የችግራችን ሥር፣» አለ አማካሪው፣ «ተራውን ተመልካች አለማወቃችን ነው። ተራ ተመልካች ማለት ስለ ጌም ምንም የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አንድ ንጹሕ ሰው እንፈልግ። ስክሪን ፊት እናስቀምጠው። ያልገባውን ይንገረን። ያልገባው ነገር ሁሉ በውሳኔ ይወገድ! በመጨረሻ የሚቀረው የገባው ብቻ ይሆናል ማለት ነው።»

ስብሰባው በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐሳብ በየቀኑ አይገኝም። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ብቻ እጇን አውጥታ «ያልገባውን ለምን አናስረዳውም?» ብላ ጠየቀች።

«ካስረዳነው እኮ ያውቃል!» አለ አማካሪው በድንጋጤ። «ካወቀ ደግሞ ተራ ተመልካች መሆኑ ይቀራል። ሰውየውን አበላሸነው ማለት ነው።»

ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠይቃ ተቀመጠች። ለተራው ተመልካች ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳያስረዳም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቀጥሎ «ከመካከላችን ምንም የማያውቅ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም ወደ ጫማው ተመለከተ። ይሄኔ ነው ተጠባባቂ ኃላፊው ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ያለለት።

«የሚስቴ እናት እኛ ቤት ናቸው። ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው። ጌም ማለት ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የማያውቅ ሰው ይህች ምድር አላፈራችም።»

እማማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አለቃ ነበሩ። አንሶላ ላይ ያለች ነጥብ ቆሻሻ በሩ ላይ ሆነው የሚለዩ፣ አጣቢ ሲዋሽ ከእርምጃው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ስለ ጌም ግን እውነትም ምንም አያውቁም። ግብዣው ሲነገራቸው «ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ? እስኪ ይሁና» አሉ። አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ፊት ሶፋ ላይ ተቀመጡና ደረታቸው ላይ «ተራ ተመልካች» የሚል ሪባን ተሰካላቸው። ከሶፋቸው አጠገብም ማንም መጥቶ እንዳያስረዳቸው የሚከለክል ዘበኛ ቆመ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሁለቱ አውራ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱ መብረቅ ይባላል፤ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግን፣ ንግግሩ ዘገምተኛ፣ ጣቱ ግን የማይያዝ ወፍራም ሰው ነው። ሁለተኛዋ ድንቢጥ ናት፤ ጥግ ላይ ባለው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጨዋታው ቀላል ነው። ቀዩ ግንብ የእሱ፣ ሰማያዊው የእሷ፤ ወታደሮቹን ልኮ የሌላውን ግንብ ያፈረሰ ያሸንፋል። መሀል ያለው ጫካ ግን በጭጋግ የተሸፈነ ነው።

«እማማ፣ ምን ይታይዎታል?» አለ አማካሪው።

«ጢስ።»

«ጢስ ሳይሆን ጭጋ…» ብሎ መብረቅ ሲጀምር ዘበኛው ዓይኑን አፈጠጠበት።

«ምንድን ነው እሱ? ምን ያደርጋል እዚያ?» አሉ እማማ።

አማካሪውና ተጠባባቂ ኃላፊው ተያዩ። የመጀመሪያው ግኝት! ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠርቶ ውሳኔ ቁጥር አንድ ወጣ፦ «ጭጋጉ ይነሣ።»

ድንቢጥ የነጭ ጋውኗን ቁልፍ እንኳ ሳትፈታ ቢሮ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ጭጋጉ ከተነሣ እኮ እሱ የእኔን ያያል፣ እኔም የእሱን። ታዲያ ምኑን እንጫወታለን?»

«ይሄ ግልጽነት ይባላል እህቴ። ግልጽነትን ትቃወሚያለሽ?»

«እኔ እኮ የምለው ጨዋታው…»

«ተቃውሞሽ ተመዝግቧል» አላት፤ አልመዘገበውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጉድ ተፋጠነ። እማማ «ምነው ተጣደፉ፣ ማን ያባርራቸዋል?» ሲሉ የወታደሮቹ ፍጥነት በግማሽ ተቀነሰ። «ጆሯቸውን ምን ሆነው ነው የሸፈኑት?» ሲሉ የተጫዋቾቹ ማዳመጫ ተወገደ። «ይሄ ወፍራሙ የማን ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ መጠየቃቸው አልገባኝም ማለት ነውና፣ የስክሪኑ ግማሽ ለተጫዋቾች ቤተሰብ ተሰጠ። የመብረቅ አክስት እየቀረቡ ስለ ልጅነቱ ኩፍኝ በሰፊው አብራሩ። በመጨረሻም እማማ «እንዲያው ምን አጣላቸው?» ቢሉ ጸቡ በሙሉ ተወገደ። ወታደሮቹ ሜዳው መሀል ሲገናኙ እጅ ተጨባብጠው፣ አንድ ሽማግሌ ከጫካ ወጥቶ አስታርቋቸው፣ በየግንባቸው እንዲገቡ ተደረገ።

የሚገርመው ብዙ ነገር በተወገደ ቁጥር እማማ ያልገባቸው ነገር እየበዛ መሄዱ ነው።

«አሁንስ እማማ?»

«አሁንማ ጭራሽ አልገባኝም።»

«ድንቅ ነው!» አለ አማካሪው ብዕሩን እያሽከረከረ። «ገና የሚወገድ አለ ማለት ነው።»

ተጠባባቂ ኃላፊው በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ቤት ሲገባ ግን ሚስቱ ፊቷን አኮሳትራ ጠበቀችው።

«እናቴ ደህና አይደለችም። ጠዋት ማታ መድኃኒት ቤት ናት። በየቀኑ የጉልበት ቅባት ትገዛለች። እኔ ልጇ እስክጠራጠር ድረስ! ጉልበቷን ነው ወይስ በር ነው የምትቀባው?»

«ትንሽ ታገሺኝ። ውድድሩ እስኪያልፍ። አሁን እሳቸው የመንግሥት ሥራ ናቸው።»

«እናቴን ነው ሥራ የምትላት?»

«ሥራ ስልሽ… መሣሪያ ማለቴ ነው።»

ያን ቀን እራቱን ብቻውን በላ።

የቅባቱ ነገር ግን እንዲህ ነበር። ድንቢጥ ተቃውሞዋን ይዛ በመጣች ዕለት እማማ ኮሪደሩ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። በማግሥቱ ቅባት ሊገዙ መድኃኒት ቤት ገቡና ባንኮኒውን ተደግፈው ጠየቁ፦

«እስኪ ንገሪኝ ልጄ፤ ያ ጭጋግ ምንድን ነው?»

ድንቢጥ የኮሚቴው አባል ስላልሆነች መለሰችላቸው። «ጭጋጉ ውስጥ ያለውን እሱም እኔም አናይም እማማ። እኔ ቀስተኞቼን አስገብቼ አደፍጣለሁ፤ እሱ ያለሁ አይመስለውም። እሱም በሌላ በኩል ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችላል።»

«እኔስ? ቁጭ ብዬ የማየው?»

«እርስዎማ ሁለታችንንም ያያሉ።»

እማማ ቅባቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «እሱ አያይሽም፣ አንቺ አታዪውም፣ እኔ ግን ሁለታችሁንም አያለሁ? ወይ ጉዴ! ይሄማ የጎረቤት ወሬ ነው! እንዲህ አትይኝም ኖሯል?»

ከዚያ ወዲያ እማማን የሚያቆማቸው ጠፋ። በአዘቦት ቀን መድኃኒት ቤቱ፣ ቅዳሜ ደግሞ የመብረቅ ስልክ መጠገኛ። መብረቅ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ በድሮው ጭጋግ፣ በድሮው ፍጥነት ከድንቢጥ ጋር ሲጫወት እሳቸው ከመስኮቱ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንሶላ ላይ ነጥብ የለመደ ዓይን ጫካ ውስጥ ያደፈጠች ቀስተኛ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም። «መብረቅ ዛሬ ልቡ ፈርቷል፤ ግንቡን ትቶ አይርቅም፣ ታያላችሁ» ይላሉ፤ ልክ እንዳሉትም ይሆናል። ተጠባባቂ ኃላፊው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም። እሱ ለቀኑ የሚያደርገውን ንግግር በመጻፍ ላይ ነበር።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አዳራሹም ሞላ! ቤተሰብ ስክሪን ላይ ይወጣል ስለተባለ የመብረቅ ዘመድ፣ የድንቢጥ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት አማች ሳይቀር አምሮበት መጥቷል። ያ ፖስተኛም በቦታው ነበር፤ ትራስ ግን ይዟል። የበላይ አለቃው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ተነቅሎ መድረኩ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡም መፋቂያ ተቀምጧል። ተጠባባቂ ኃላፊው መፋቂያውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ክቡራትና ክቡራን!» አለ ማይክሮፎኑን ጨብጦ። «ጽሕፈት ቤታችን ጌምን ከውስብስብነት ነጻ አውጥቷል! ከእንግዲህ ማንም ሰው፣ ምንም ሳያውቅ፣ ምንም ሳያስብ፣ ምንም ሳይሰማው ሊመለከት ይችላል!»

ጭብጨባ ሆነ። ጨዋታው ተጀመረ። ጥርት ባለ ሜዳ ላይ አንድ ቀይ ወታደርና አንድ ሰማያዊ ወታደር ቀስ… ቀስ… ብለው ተቀራረቡ። ሽማግሌው ወጣ። ተጨባበጡ። ተመለሱ። የመብረቅ አክስት ስለ ኩፍኙ ነገሩን። ደግሞ ወታደሮቹ ቀስ… ቀስ… ብለው ተቀራረቡ።

መብረቅ አገጩን በእጁ ደግፎ ተጫወተ። ድንቢጥ አዛጋች። ማዛጋቷ ወደ መጀመሪያው ረድፍ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ እስከ በሩ ድረስ ተጋባ። አለቃው የሚመቱት ጠረጴዛ ቢያጡ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። አማካሪው ወደ ተጠባባቂ ኃላፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ «እማማን! አሁን እማማን!» አለው።

ዝግጅቱ ሁሉ የተደገፈው በዚህች ቅጽበት ላይ ነበር። እማማ «ሁሉም ገብቶኛል» ይላሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ቃሏ ትፋቃለች።

«እነሆ፣ ተራዋ ተመልካቻችን!» አለና ማይክሮፎኑን ሰጣቸው። «እማማ፣ ዛሬስ ያልገባዎት ነገር ይኖር ይሆን?»

«አንድ ነገር አለ።»

«ምን… ምንድን ነው እማማ?»

«ጭጋጉን ማን አነሣው?»

«እርስዎ ነዎት እኮ! ‹ምንድን ነው› አሉ።»

«ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ አንሣው አልኩህ እንዴ?» አሉ እማማ፤ ማይክሮፎኑ እያንዳንዷን ቃል ለጣሪያው አደረሰ። «ሰው ሲጠይቅ ይነግሩታል እንጂ የጠየቀውን ነገር ይነቅሉበታል? ደግነቱ በሩ የት ነው ብዬ አልጠየቅኩህም!»

ፖስተኛው ከትራሱ ቀና ብሎ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

«መብረቅ! ድንቢጥ! ተነሡ፣ ሱቁ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው እማማ» አለ መብረቅ፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ ተናግሮ አያውቅም።

እማማ ጉልበታቸውን ሁለቴ አሸት አሸት አድርገው ወደ በሩ ሲራመዱ ዘመዶች ተከተሉ፤ የዘመድ ጎረቤቶችም ተከተሉ። ተጠባባቂ ኃላፊው ከመድረኩ ሲወርድ የቀሩት አማካሪውና ግድግዳው ላይ የምትዞረው ቀይ ነጥቡ ብቻ ነበሩ። አለቃውም የሉም!

ውጭ መንገዱ ተዘግቷል። የስልክ መጠገኛው መስኮት ላይ ሰው በሰው ተደራርቧል። እማማ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያስረዳሉ፦

«ቀዩ የመብረቅ ነው። ጭጋጉ ውስጥ ያለውን እሱ አያይም፤ እኛ እናያለን። ያቻት ድንቢጥ ከዛፉ ሥር! እየመጣላት ነው… እየመጣላት ነው… ዝም በሉ፣ እንዳትነግሩት!»

ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። የድንቢጥ አጎት ራሳቸውን ያዙ። የበላይ አለቃው መስታወቱን በመዳፋቸው እየመቱ «ተመለስ! አንተ ሰውዬ ተመለስ! ኧረ አለቀልህ!» ይጮኻሉ፤ አንድ ጫማቸው ወልቆ ማንም አላስተዋለም። ተጠባባቂ ኃላፊው ከኋላ በእግር ጣቱ ቢቆምም የታየው የፖስተኛው ማጅራት ብቻ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበው?» አሉ አለቃው ዘወር ብለው፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ተጠባባቂ ኃላፊው ዕድል እንዲህ ብላ ስትጣራ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በክርኑ እየገፋ ወደፊት ዘለቀ። «ጽሕፈት ቤታችን ነው ክቡርነትዎ! ተመልካቹ ከአዳራሹ ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሷል!»

«እሰይ የኔ አንበሳ! ለመሆኑ ንገረኝ፣ ይህቺ ልጅ እዚያ ቆማ ለምንድን ነው ቀስቷን የማትለቀው?»

ተጠባባቂ ኃላፊው ስክሪኑን አየ። ዛፍ አየ። ጭጋግ አየ። ይህን ሁሉ ወር ስለ ጌም ሲሰበሰብ፣ ሲወስንና ንግግር ሲጽፍ ከርሞ፣ አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ እንዳላየ ትዝ ያለው ገና አሁን ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው ክቡርነትዎ።»

መንገዱ በሳቅ አስተጋባ። አለቃው ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው በራ።

ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። በማግሥቱ ሠራተኛው በተሰበሰበበት «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል በገዛ እጃቸው ፋቋት። ቀጥለውም «ኃላፊ» የምትለዋን ፋቁ። ሰውየውም ምንም የማያውቅ መሆኑን በሕዝብ ፊት ስላስመሰከረ በጽሕፈት ቤቱ ደንብ መሠረት ቋሚ ተራ ተመልካች ሆኖ ተሾመ። ኃላፊነቱ ጉልበታቸውን ለሚያሹት ሴት ተሰጠ፤ እሳቸውም በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ የሚባለውን ነገር አስቀሩ። ሚስቱ ሪባኑን በእጇ ደረቱ ላይ ሰካችለት። «ቋሚ» የምትለዋን ሲያነብ ትንሽ ተጽናና።

ቅዳሜ ከሰዓት በመስኮቱ ፊት፣ አማቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሰው በሙሉ ትንፋሹን ይዟል። እሱም እንደ ሌላው ለመደንገጥ ቢሞክርም በየት በኩል መደንገጥ እንዳለበት አላወቀም። ቆይቶ ቆይቶ አላስችል አለው።

«እማማ፣» አላቸው በሹክሹክታ፣ «ያ ጭጋግ ለምንድን ነው እዚያ ጋ ብቻ የሳሳው?»

እማማ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን ሪባን አዩ፤ ቀና ሲሉም ከሪባኑ ጋር አብሮ የተመደበው ዘበኛ ዓይኑን አፍጥጦባቸዋል።

«ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር ልጄ፣» አሉ አንጀታቸው እየራራ፣ «ግን ትበላሽብናለህ።»